የሳንባ ካንሰርና ባዮማርከር፦ የደም ምርመራው የቱን ጥያቄ ይመልሳል?

ሳንባ ራሱ ሕመም አይሰማውም። የሚያመው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ የለበጠው ስስ ሽፋንና ግድግዳው ራሱ ነው። ስለዚህ ዕጢ ሳንባ መሃል በቅሎ ለዓመታት ቢያድግ ባለቤቱ ላያውቅ ይችላል። ሳል ቢመጣም "ብርድ መትቶኝ ነው" ይባላል። የሚያጨስ ሰው ደግሞ ሳሉን ከለመደው ቆይቷል። ደም የቀላቀለ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የክብደት መቀነስ ሲመጣ ነው ወደ ሐኪም የሚኬደው። ያኔ ካንሰሩ ብዙውን ጊዜ ከሳንባ አልፎ ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል ሄዷል።

በቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። በ2022 በዓለም ላይ ወደ 2.5 ሚሊዮን ሰዎች የሳንባ ካንሰር ተገኘባቸው፤ ወደ 1.8 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ በዚሁ በሽታ ሞቱ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ብዙ ሰው የሚገድለው ይኸው ነው። የአሜሪካ የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ካንሰሩ ገና ሳንባ ውስጥ ብቻ እያለ ከተገኘ ከ10 ታካሚዎች 6ቱ ገደማ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ከተሰራጨ በኋላ ከተገኘ ግን ከ10 ታካሚዎች አንዱ እንኳ እዚያ አይደርስም።

በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ርቀት ነው ተመራማሪዎችን ባዮማርከር ፍለጋ ያሰማራቸው። ባዮማርከር ስንል ሰውነት ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ የሚጠቁም፣ በመሣሪያ ሊለካ የሚችል ነገር ማለታችን ነው። የደም ስኳር መጠን አንድ ባዮማርከር ነው። በካንሰር በኩል ደግሞ ዕጢው ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን፣ የሞቱ የካንሰር ሕዋሳት የጣሉት የዲኤንኤ ቁራጭ፣ ሰውነት ዕጢውን ለመከላከል የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል፣ ሌላው ቀርቶ ከትንፋሽ ጋር የሚወጣ ኬሚካል ሊሆን ይችላል።

ዜናውን የሚከታተል ሰው ግን ግራ ይጋባል። ዛሬ "ካንሰርን በአንድ ጠብታ ደም" ይባላል፤ ነገ ያው ምርመራ ድምፁ ይጠፋል። እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ያለው አጠያየቃችን ላይ ነው። "ይህ ባዮማርከር ጥሩ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን መልስ የለውም። ለምኑ? ካንሰር አለ ወይስ የለም የሚለውን ለማወቅ ነው? የተገኘው ካንሰር ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት ነው? ወይስ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ ለመለየት? ለመጀመሪያው ጥያቄ ምንም የማይረባ ምርመራ ለሦስተኛው ሕይወት የሚያተርፍ ሊሆን ይችላል። የሆነውም በትክክል ይኸው ነው።

ጤነኛ ሰው መሃል ካንሰር መፈለግ

ከሦስቱ ሁሉ ከባዱ የመጀመሪያው ነው። ለምን እንደሚከብድ ለማየት ትንሽ ሂሳብ እንሥራ።

ለብዙ ዓመታት ሲያጨሱ የኖሩ 1,000 ሰዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 10ሩ ሳያውቁት የሳንባ ካንሰር አለባቸው። አንድ የደም ምርመራ አለን፤ ካንሰር ካለባቸው 10 ሰዎች 9ኙን ይይዛል፣ ከጤነኞቹ ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል "ነፃ" ይላል። ሲሰሙት ምርጥ ምርመራ ነው። አሁን ውጤቱን እንይ። ካንሰር ካለባቸው 9 ሰዎች ተያዙ። ከቀሩት 990 ጤነኞች ደግሞ 10 በመቶው፣ ማለትም 99 ሰዎች "ካንሰር ሊኖርብህ ይችላል" ተባሉ። በአጠቃላይ 108 ሰዎች ደነገጡ፤ ካንሰር ያለባቸው ግን ከ12ቱ አንዱ ብቻ ናቸው።

ይህንኑ ምርመራ የማያጨሱትም ወጣቶችም ባሉበት፣ ከ10,000 ሰው 10ሩ ብቻ ካንሰር ባለበት ሕዝብ ላይ ብናውለው ደግሞ ይብሳል። 9 ሰዎች ይያዛሉ፣ 999 ሰዎች በከንቱ ይሸበራሉ። ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተመረመረው ሰው ነው። በዚያ ላይ የሳንባ ጉዳይ በድንጋጤ ብቻ አያበቃም። ቀጥሎ ስካን አለ፣ ከስካን ቀጥሎ በመርፌ ናሙና መውሰድ አለ። መርፌው ደግሞ አልፎ አልፎ ሳንባን በስቶ አየር ያስወጣል።

የድሮዎቹ የፕሮቲን ባዮማርከሮች የወደቁት እዚህ ላይ ነው። ሲኢኤ የሚባለውን እንውሰድ። በ1965 ከአንጀት ካንሰር ጋር በተያያዘ የተገኘ ፕሮቲን ነው፤ በሳንባ ካንሰርም ከፍ ይላል። ግን ካንሰር በሌለባቸው አጫሾችም ከፍ ይላል፤ በጉበት በሽታና በተለያዩ የሰውነት ብግነቶችም እንዲሁ። እንግዲህ ሳንባ ካንሰር በብዛት የምንፈልገው ማን ላይ ነው? አጫሾች ላይ! ሌሎቹም የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ኤንኤስኢ የሚባለው ትንንሽ ሕዋስ ያለው የሳንባ ካንሰር ላይ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥም ስለሚገኝ ደሙ ሲቀዳ ወይም ሲጓጓዝ ሕዋሳቱ ከፈነዱ ቁጥሩ በሐሰት ያሻቅባል። ፕሮጂአርፒ ለዚሁ ዓይነት ካንሰር የተሻለ ጠቋሚ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ግን እሱም ይጨምራል። ሳይፍራ 21-1 ደግሞ የሚሞቱ ሕዋሳት የሚለቁት የፕሮቲን ቁራጭ ነው፤ ዕጢው ትንሽ ሲሆን የሚለቀውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ምንም ምልክት የሌለው ሰው "ካንሰር ይኖርብኝ ይሆን?" ብሎ እነዚህን ቢመረመር፣ ዝቅ ያለ ቁጥር ነፃ መሆኑን አያረጋግጥለትም፤ ከፍ ያለ ቁጥርም ካንሰር አለብህ አይለውም።

ከዕጢው የሚንጠባጠበው ዲኤንኤ

አዲሱ ተስፋ ደም ውስጥ የሚንሳፈፈው ዲኤንኤ ነው። ሕዋሳት ሲሞቱ ዲኤንኤያቸው ተቆራርጦ ወደ ደም ይገባል። የጤነኛ ሕዋሳትም ይህን ያደርጋሉ፤ የካንሰር ሕዋሳትም እንደዚያው። የካንሰሩ ቁራጭ የራሱ ምልክት አለው፦ የዘረመል ለውጥ ሊይዝ ይችላል፣ ርዝመቱ አጠር ሊል ይችላል፣ ወይም ላዩ ላይ የሚለጠፉት ሜቲል የሚባሉ ኬሚካሎች አቀማመጥ ይለያል። ይህ የመጨረሻው ምልክት በተለይ ጠቃሚ ነው፤ ዲኤንኤው ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደመጣ ለመገመት ይረዳል።

ታዲያ ምን ጎደለ? መጠን። ትንሽ ዕጢ ወደ ደም የሚጥለው ዲኤንኤ እጅግ ጥቂት ነው። ኩሬ ውስጥ ያሉት ሦስት ዓሦች ብቻ ቢሆኑ በባልዲ ስንቀዳ አንድም ላይገባልን ይችላል፤ ጥፋቱ የባልዲው አይደለም። ከክንድ የሚቀዳው ደም ውስጥ የዕጢው ቁራጭ አንድም ከሌለ፣ የዓለም ምርጡ መሣሪያም ሊያገኘው አይችልም። ብዙ ካንሰሮችን በአንድ ጊዜ ይለያል የተባለ የሜቲል ምርመራ በ2021 በወጣ ሰፊ ጥናት ሲፈተሽ ይኸው ታየ። ደረጃ 4 ላይ ከደረሱ፣ ማለትም ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሰራጩ የሳንባ ካንሰሮች ከ10ሩ ከ9 በላይ ይዟል። ደረጃ 1 ላይ ካሉት፣ ገና ትንሽ ሆነው ሳንባ ውስጥ ብቻ ካሉት ግን ከ4ቱ አንዱን እንኳ አልያዘም። ማለትም ምርመራው በጣም የሚሳካለት በጣም በማያስፈልገን ቦታ ነው።

ሌላም አደናጋሪ ነገር አለ። ዕድሜ ሲገፋ የደም ሕዋሳትን የሚያመርቱት የመቅኔ ሕዋሳት ራሳቸው የዘረመል ለውጥ ያጠራቅማሉ። ካንሰር አይደለም፤ ግን ደም ውስጥ ሲታይ ካንሰር ሊመስል ይችላል። ጠንቃቃ ላቦራቶሪዎች የነጭ ደም ሕዋሱን ዲኤንኤ ጎን ለጎን የሚያነቡት ለዚህ ነው።

ፀረ እንግዳ አካላት ላይ የተመሠረተው መንገድ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይዞ ይነሳል። ዕጢው ራሱ ትንሽ ቢሆንም የሰውነት መከላከያ ምላሹን ያጎላዋል ነው ነገሩ። ስኮትላንድ ውስጥ ከ12,000 በላይ ለአደጋ የተጋለጡ ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ይህን ፈተነ፤ ውጤቱ በ2020 ታተመ። በደም ምርመራው ተለይተው ወደ ሲቲ ስካን የተላኩት ሰዎች ባሉበት ቡድን፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ሥር የሰደደ ካንሰር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ያበረታታል። ነገር ግን በዚያ ጊዜ ካንሰር ከወጣባቸው ሰዎች ውስጥ የደም ምርመራው ቀድሞ የጠቆመው ከ3ቱ አንዱን ገደማ ብቻ ነበር። "ነፃ ነህ" የተባለ ሰው ልቡን ጥሎ መተኛት አይችልም።

ቀድሞ መገኘት ሁሉ ዕድሜ አያራዝምም

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነውና።

አንድ ሰው በ67 ዓመቱ ሳል ይዞት ሄዶ ካንሰር ተገኘበት፤ በ70 ዓመቱ ሞተ። ከታወቀበት በኋላ 3 ዓመት ኖረ ማለት ነው። ይኸው ሰው በ63 ዓመቱ በደም ምርመራ ቢታወቅበትና ሕክምናው ምንም ባይለውጥለት፣ አሁንም በ70 ይሞታል። መዝገቡ ላይ ግን "7 ዓመት ኖረ" ተብሎ ይጻፋል። ከ5 ዓመት በላይ ስለኖረ እንደ ስኬትም ይቆጠራል። ሰውየው ያገኘው አንድ ተጨማሪ ቀን የለም፤ ያገኘው ተጨማሪ የጭንቀት ዓመታት ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስጋት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ በተጀመረው የማዮ ጥናት፣ ከ9,000 በላይ አጫሽ ወንዶች ተሳትፈው ግማሾቹ በየ4 ወሩ ራጅ እንዲነሱና አክታ እንዲመረመሩ ተደረገ። ብዙ ካንሰር ተገኘ። የሟቾች ቁጥር ግን አልቀነሰም። ስለዚህ አንድ ምርመራ "ካንሰር ቀድሞ ያገኛል" ሲባል ቀጥሎ መምጣት ያለበት ጥያቄ "ሞትን ቀንሷል ወይ?" የሚለው ነው።

እስካሁን ይህን ፈተና በትልልቅ ጥናቶች ያለፈው በዝቅተኛ ጨረር የሚነሳ ሲቲ ስካን ነው። በ2011 የወጣው የአሜሪካ ጥናት 53,454 ሰዎችን ይዞ፣ ስካን የተነሱት በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ራጅ ከተነሱት በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። በ2020 የታተመው የኔዘርላንድስና የቤልጂየም ጥናት ደግሞ በወንዶች ላይ 24 በመቶ ቅናሽ አገኘ። ስካኑም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። በአሜሪካው ጥናት አጠራጣሪ ተብለው ከተመዘገቡት ውጤቶች ከ100ው 96ቱ ካንሰር ሆነው አልተገኙም፤ የድሮ ኢንፌክሽን ጠባሳና የመሳሰሉት ትንንሽ እብጠቶች ነበሩ።

ባዮማርከር ቶሎ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ይመስለኛል። ጤነኛውን ሕዝብ ሁሉ በደም ከመመርመር ይልቅ፣ ስካን ላይ አንዲት አጠራጣሪ ነጥብ የታየበትን ሰው ይዞ "ይህችን በመርፌ እንንካት ወይስ ከወራት በኋላ ደግመን እንያት?" የሚለውን ለመወሰን ማገዝ። ጥያቄው ጠባብ ነው፤ ጠባብ ጥያቄ ደግሞ ለመመለስ ይቀላል።

ካንሰሩ ከታወቀ በኋላ

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ፦ በሽታው ወዴት ይሄዳል? ሳንገረም እንቀበለው፤ እስከ ዛሬ ትልቁ ነጋሪ የካንሰሩ ደረጃ ነው። ዕጢው ምን ያህል አደገ፣ የሊምፍ አንጓዎች (የሰውነት መከላከያ ትንንሽ እጢዎች) ውስጥ ገባ ወይ፣ ሩቅ ሄደ ወይ። የደም ቁጥሮች በዚያ ላይ ይጨመራሉ እንጂ አይተኩትም። ከቀዶ ሕክምና በፊት ከፍ ያለ ሲኢኤ፣ ወይም ትንንሽ ሕዋስ ባለው ካንሰር ላይ ከፍ ያለ ኤልዲኤች የሚባል ኢንዛይም፣ በሽታው ጠንከር ሊል እንደሚችል ይጠቁማሉ። ለምርመራ የማይረባው ሲኢኤ እዚህ ላይ ሥራ አገኘ ማለት ነው። በተለይ አንዱን ቁጥር ብቻ ከማየት ይልቅ በአንድ ታካሚ ላይ በጊዜ ሂደት ሲወጣና ሲወርድ መከታተሉ ይጠቅማል።

ዲኤንኤውም እዚህ ያበራል። ከዕጢው የወጣው ዲኤንኤ ደም ውስጥ የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚታየው የዛሬን ሁኔታ ይናገራል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሳምንታት ካለፉ በኋላ የራሱ ምልክት ደም ውስጥ ከታየ፣ የሆነ ቦታ የቀረ ሕዋስ አለ ማለት ነው። በ2017 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት የእያንዳንዱን ታካሚ ዕጢ ዘረመል አንብቦ ያንኑ ፊርማ ደሙ ውስጥ ፈለገ። ካንሰሩ ከተመለሰባቸው ብዙዎቹ ላይ ምልክቱ ከስካኑ በፊት ታየ፤ አንዳንዱ ላይ በሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ወደ አንድ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ቀድሞ። አሁን የሚጠናው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ምልክቱ እንደታየ ሕክምና መጀመር ዕድሜ ያራዝማል ወይ? የ63 ዓመቱን ሰው ታሪክ አንርሳ።

መድኃኒቱን የሚመርጥ ምልክት

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ግን ነገሩ ተስፋ መሆኑ አብቅቶ የየዕለት ሕክምና ሆኗል።

ታሪኩ ያስተምራል። ጌፊቲኒብ የሚባል ኪኒን በ2003 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ፣ ለአንዳንድ ታካሚዎች ተአምር ሠራ፤ ለአብዛኞቹ ግን ምንም አልፈየደም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። በ2004 ምስጢሩ ወጣ፦ መድኃኒቱ የሚሠራው ዕጢያቸው ኢጂኤፍአር የሚባለው ዘረመል ላይ የተወሰነ ለውጥ ላለባቸው ሰዎች ነው። በ2009 በምሥራቅ እስያ የተደረገ ጥናት ይህን በማያሻማ ቁጥር አሳየ። ለውጡ ካለባቸው ሰዎች በኪኒኑ ዕጢያቸው በግልጽ የቀነሰው 71 በመቶዎቹ ናቸው። ለውጡ በሌለባቸው ላይ 1 በመቶ ብቻ! ለእነዚህኞቹ ኪሞቴራፒ በጣም ይሻላቸው ነበር። ያው ኪኒን፣ በስም ያው በሽታ፤ ምርመራውን ሳያደርጉ መስጠት ግን ለአንዱ ማዳን፣ ለሌላው ጊዜውን መብላት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ ረዝሟል። በ2007 ኤኤልኬ የሚባል ዘረመል ከሌላ ዘረመል ጋር የተጣበቀባቸው ታካሚዎች ተለዩ፤ ጥቂት ናቸው፣ ግን በተገቢው ኪኒን ብዙዎቹ ዓመታት ያገኛሉ። ኬራስ የሚባለው ለአሥርተ ዓመታት "መድኃኒት አይገኝለትም" ሲባል ቆይቶ፣ በ2021 ለአንድ ዓይነት ለውጡ የመጀመሪያው መድኃኒት ተፈቀደ። ፒዲ-ኤል1 ደግሞ ዕጢው ከሰውነት መከላከያ የሚደበቅበት ፕሮቲን ነው። ከካንሰሩ ሕዋሳት ግማሽና ከዚያ በላይ ይህን ፕሮቲን ካሳዩ፣ ያለ ኪሞ በኢሚውኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲያጠቃ በሚያግዝ ሕክምና) ብቻ መጀመር ይቻላል። ይህኛው ግን እንደ ኢጂኤፍአር አዎ ወይም አይደለም ብሎ አይቆርጥም። ዜሮ ሆኖ የሚሠራለት አለ፤ ከፍ ብሎ የማይሠራለትም አለ።

እነዚህ ምርመራዎች በዋናነት የሚሠሩት ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ላይ ነው። በደም መሥራትም ይቻላል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የመጀመሪያውን የኢጂኤፍአር የደም ምርመራ የፈቀደው በ2016 ነው። የደሙ ውጤት "አለ" ካለ ይታመናል፤ መድኃኒት ይጀመርበታል። "የለም" ካለ ግን ዕጢው ዲኤንኤ ስላልጣለ ሊሆን ስለሚችል ወደ ናሙናው መመለስ ያስፈልጋል። ጌፊቲኒብና መሰሎቹ መሥራት ሲያቆሙ ከታካሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ ቲ790ኤም የሚባል አዲስ ለውጥ ይገኛል፤ ለእሱ ደግሞ ኦሲመርቲኒብ የሚባል ሌላ ኪኒን አለ። ይህን ለማየት ሳንባን እንደገና በመርፌ ከመውጋት ክንድን መውጋት ይመረጣል።

በተግባር ምን ይደረግ? ምልክት የሌለው ሰው፣ "የካንሰር ማርከር ፓኬጅ" ተብሎ የሚሸጥ የደም ምርመራ ስለ ሳንባው ብዙ አይነግረውም። ለረጅም ዓመታት ያጨሰና ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው ስለ ዝቅተኛ ጨረር ሲቲ ስካን ሐኪሙን ቢጠይቅ ይሻለዋል። ሳሉ ሳምንታት ያለፈው ወይም ደም ያየ ሰው ደግሞ የማጣሪያ ምርመራ ውስጥ አይደለም ያለው፤ በቀጥታ መመርመር አለበት፣ ባያጨስም። የኢጂኤፍአርና የኤኤልኬ ለውጦች በብዛት የሚገኙት አጭሰው በማያውቁ ሰዎች ላይ ነው።

ካንሰሩ የተረጋገጠበት ሰው ወይም ቤተሰቡ ደግሞ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት የሚጠይቁት ነገር አለ፦ "የዘረመል ምርመራው ተልኳል ወይ? ፒዲ-ኤል1ስ? ናሙናው ይበቃል?" በመርፌ የሚወጣው ሥጋ ትንሽ ስለሆነ አንዳንዴ ለካንሰሩ ዓይነት መለያ ብቻ ያልቃል፤ ቀሪው እንዲቆጠብ ቀድሞ መናገር ይጠቅማል። ውጤቱ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። መጠበቅ ያስጨንቃል፤ በሽታው ፋታ የማይሰጥ ከሆነም ሐኪሙ በኪሞ ሊጀምር ይችላል። ውጤቱ ሳይመጣ በኢሚውኖቴራፒ መቸኮል ግን የራሱ መዘዝ አለው። ኢጂኤፍአር ለውጥ ያለበት ካንሰር ለኢሚውኖቴራፒ ብዙ ጊዜ አይበገርም፤ ከዚያ ወደ ኦሲመርቲኒብ ወዲያው ሲዞሩ ደግሞ ከባድ የሳንባ ብግነት የመከተል ዕድሉ ይጨምራል።